ዛፉ ላይ የተሰቀለው ሣር

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤት ለማየት ከኮሎምበስ ወደ ደቡብ ነዳን። መኪናው ውስጥ አራት ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስድስት ዓመት ልጃችንና አማቴ። አማቴ የባለቤቴ እናት ናቸው፤ እኔ ግን «እማማ» ነው የምላቸው። ቤቱ ያለው ፒካዌይ ካውንቲ ውስጥ ነው። አካባቢው በቆሎና አኩሪ አተር የሚመረትበት ገጠር ነው። ሳዮቶ ወንዝ ኮሎምበስን አቋርጦ ወደዚያ ይወርዳል።

ቤቱን ወደድነው። ሰፊ ግቢ አለው፣ ትልቅ ቤዝመንት አለው፣ ከጓሮው ጫፍ ደግሞ ትንሽ ጅረት አለ። ዋጋውም ከተማ ውስጥ ካየናቸው ቤቶች በጣም ያነሰ ነበር። ባለቤቴ ጎመን የምትተክልበትን ቦታ ሁሉ መርጣ ጨርሳለች። እማማ ግን ወደ ቤቱ አልገቡም። ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱና ጅረቱ ዳር ያሉትን ዛፎች ያዩ ጀመር። ቆየት ብለው ጠሩኝ።

«ይህን ሣር እዚህ ማን ሰቀለው?» አሉኝ።

ቅርንጫፎቹ ላይ የደረቀ ሣር፣ የበቆሎ አገዳና የፌስታል ቁራጭ ተጠምጥሟል። ከፍታው ከትከሻዬ ጋር እኩል ነው። «ነፋስ ያመጣው ይሆናል» አልኳቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነፋስ እንዲህ በአንድ መስመር አያሰልፍም» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሁሉም ዛፎች ላይ ሣሩ የተያዘው በአንድ ቁመት ነበር። እኔ ባሕር ተሻግሬ ሁለተኛ ዲግሪ የተማርኩ፣ ሥራዬም ቀኑን ሙሉ ዳታ ማንበብ የሆነ ሰው ነኝ። ያን መስመር ግን አላነበብኩትም።

እማማ ያደጉት ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2006 መሆኑ ነው፣ ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ከባድ ዝናብ ዘነበ። ውሃው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለውን ጎርፍ በአማርኛ «ደራሽ ውሃ» እንለዋለን። «ደረሰ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ሳይጠራ የሚደርስ እንግዳ እንደማለት ነው። እማማ በዚያ ሌሊት ያጧቸውን ጎረቤታቸውን ዛሬም ቡና ሲፈላ ያነሷቸዋል።

ኮሎምበስም የራሷ ደራሽ ውሃ አላት። ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ ያለውን ፍራንክሊንተን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አዳዲስ አፓርታማዎችና ምግብ ቤቶች የበዙበት ሰፈር ነው። የተቆረቆረው በ1797 ሲሆን በዓመቱ ጎርፍ አገኘው። በማርች 1913 ደግሞ ከፋሲካ እሑድ ጀምሮ ለቀናት ዘነበና የሳዮቶ ወንዝ መከላከያ ተደረመሰ። ከተማዋ ውስጥ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። አሁን ሰፈሩን የሚጠብቀው ረጅም ግድብ ያለቀው በ2004 ነው፤ ከጎርፉ 91 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከተማ እንደዚያ ያለ ግድብ ያሠራል። ገጠር ያለ አንድ ቤት ግን ማን ግድብ ይሠራለታል?

ያን ማታ ልጃችን ከተኛ በኋላ የፌማን የጎርፍ ካርታ ከፈትኩ። ፌማ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው። ካርታው ነጻ ነው፤ አድራሻ ብቻ ይጻፍለታል። የቤቱ ጣራና ጓሮው በሙሉ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነበሩ። በላዩ ላይ «ዞን ኤ» ይላል። «ኤኢ» በሚባለው ዞን ባለሙያዎች ውሃው እስከ የት ከፍ እንደሚል አስልተው ጽፈዋል። «ኤ» ብቻ ከሆነ ግን አደጋው መኖሩ ይታወቃል፣ የውሃው ከፍታ ግን በዝርዝር አልተሰላም። ዝርዝር ጥናት ገንዘብ ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለው ዞን በገጠር ይበዛል። የእኛን ቤት በተመለከተ ከፍታውን የሚናገረው ዛፉ ላይ ያለው ሣር ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰማያዊው ቦታ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው «በመቶ ዓመት አንዴ ነው፤ እኔ አልደርስበትም» ይላል። ትርጉሙ ግን እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። ዘንድሮ ቢመጣ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት ዕድሉ ያው ከመቶ አንድ ነው። የ30 ዓመት ሞርጌጅ ላለው ሰው ሒሳቡን ሠራሁት። በእነዚያ ዓመታት ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎርፍ የመምጣት ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል። ከአራት ቤቶች አንዱ ማለት ነው። ለባለቤቴ ስክሪኑን አሳየኋት። ብዙ አየችውና «ጎመኑን ሌላ ቦታ እንተክላለን» አለች።

ኢንሹራንስ በአማርኛ «መድን» ይባላል። «ዳነ» የሚለው ግስ ዘመድ ነው። ታዲያ ተራው የቤት መድን ከጎርፍ አያድንም። ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ቢበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል። ወንዝ ሞልቶ ቢገባ ግን አይከፍልም። ለዚያ የተለየ የጎርፍ መድን ያስፈልጋል። በ1968 የተቋቋመ የፌዴራል ፕሮግራም አለ። ካውንቲው ወይም ከተማው የፕሮግራሙ አባል ከሆነ ማንም መግዛት ይችላል። ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ሁለቱ ግን የሚገዙት ለየብቻ ነው። ተከራይም ለዕቃው ብቻ መግዛት ይችላል።

ስለ ቤዝመንት ያነበብኩት ግን አስደነገጠኝ። የኛ ሰው ቤዝመንት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የእንግዳ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ የጤፍ ጆንያ፣ የእንጀራ ምጣድ ያለው እዚያ ነው። የጎርፍ መድኑ እዚያ ማሞቂያውን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን የመሳሰለውን ይሸፍናል። ምንጣፍና ሶፋ ግን አይሸፍንም። የዕቃ መድን ካላችሁ የልብስ ማጠቢያው ይሸፈናል፤ ፍሪዘሩም ከነምግቡ ይሸፈናል። ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ ያለው በርበሬ ካሳ አለው፣ ጆንያ ውስጥ ያለው ጤፍ የለውም። እማማ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው ጤፉንም ፍሪዘር ውስጥ እንክተተው» አሉ።

ቤቱን አልገዛንም። ጉዳዩ ግን እዚያ አላለቀም። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እማማ ታሪኩን ለሁሉም አወሩ። ሰው ሁሉ «የእኔንም እየው» እያለ አድራሻ ይሰጠኝ ጀመር። ብዙዎቹ ከሰማያዊው ውጭ ነበሩ። አምና ገጠር ቤት የገዙት የባለቤቴ አጎት ግን መሀሉ ላይ ናቸው።

ጋሼ ቤቱን የገዙት በዕቁብና ለብዙ ዓመት በቆጠቡት ብር ነው። የባንክ ብድር የለባቸውም። እንዲህ ባለ ዞን ውስጥ ባንክ ሲያበድር የጎርፍ መድን ግዴታ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ግን የሚያስገድደው የለም። ኦሃዮ ውስጥ ሻጭ የሚሞላው ቅጽ አለ። ቤቱ ጎርፍ የሚያጠቃው ሜዳ ላይ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ቅጹን ከፋይላቸው አውጥተን አየነው። ሻጩ «አዎ» ብሎ ሞልቷል። ከሥሩ የጋሼ ፊርማ አለ። «ኤጀንቱ እዚህ ጋ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም።

ሰኞ ዕለት አብረን መድኑን ገዛን። ዋጋው አሁን የሚሰላው በዞን አይደለም። ቤቱ ከውሃ ያለው ርቀትና እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ወጪ ይታያል። ጋሼ ክፍያውን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና ካርዳቸውን አወጡ። ከዚያ ኤጀንቷ መድኑ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ መሆኑን ነገረችን። ከቤት ብድር ጋር አብሮ ቢገዛ ኖሮ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ዛሬ 19ኛው ቀን ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስደውልላቸው ጋሼ ጤፉን ከቤዝመንት ወደ ላይ እያወጡ ነበር።