ተኝቶ ማስታወስ

ጁባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አምስት ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለተቀመጠች ሌሊቷ ክረምት ከበጋ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ አይርቅም። ለሕልም የሚሆን ጨለማ ሞልቷል፤ የሚቸግረው እንቅልፉ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ይጠጋል፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ቀን የዋጠውን ትኩሳት ማታ ይተፋል፣ አጎበሩ ትንኙን ሲከለክል ነፋሱንም አብሮ ይከለክላል፣ ከአጥር ማዶ ያለው ጄኔሬተር ሲጠፋ ደግሞ ፋኑ አብሮት ቀጥ ይላል። እንዲህ ባለ ከተማ ስለ ንቁ ሕልም ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ንቁ ሕልም የሚባለው ሰው እንቅልፉም ሕልሙም ሳይቋረጥ «ለካ እያለምኩ ነው» ብሎ የሚያውቅበት ሕልም ነው፤ ይህን ካወቀ በኋላ አንዳንዴ የሕልሙን አካሄድ ራሱ መምራት ይችላል። ነገሩ እንደ ምትሃት ሲወራ ስለሚሰማ ብዙ ሰው ሌሊቱን የሚታገልበት ብርቱ ሙያ አድርጎ ይገምተዋል። የምርምሩ ማስረጃ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፦ ንቁ ሕልም ከሁሉ በላይ የማስታወስ ልማድ ነው፤ አብዛኛው ሥራም የሚሠራው በቀን ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ እንቅልፉ ለተቆራረጠበት የጁባ ነዋሪ ትምህርቱ ከተለመደው በተለየ መንገድ ሊሰጠው ይገባል።

መጀመሪያ ግን ነገሩ በእርግጥ መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ለረጅም ጊዜ የተካደ ጉዳይ ነውና። አርስቶትል ሰው ተኝቶ ሳለ በውስጡ የሆነ ነገር የሚያየው ሕልም መሆኑን እንደሚነግረው ጽፏል። በ415 ገደማ የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስ ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ የካርቴጅ ሐኪም የነበረውን የጌናድዮስን ሕልም ያወራል፦ በሕልሙ የታየው ወጣት «ሰውነትህ አሁን የት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ እሱም አልጋው ላይ መሆኑን ይመልሳል፤ ዓይኑ ተጨፍኖ ሳለ በምን እያየ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል። እንዲህ ያለ ምስክርነት ቢደራረብም ፈላስፋው ኖርማን ማልኮም በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ የተኛ ሰው ምንም ነገር ሊያውቅና ሊፈርድ እንደማይችል፣ ስለዚህ «መተኛቴን አውቄ ነበር» ማለት እርስ በርሱ የሚጣረስ አነጋገር እንደሆነ ተከራከረ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሰው ስለ ሕልሙ የሚናገረው ከነቃ በኋላ ነው፤ ያኔ የፈጠረው ወሬ እንዳልሆነ ማን ይመሰክራል?

መልሱ የመጣው ከዓይን ነው። ብርቱ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል የሰውነትን ጡንቻዎች አስሮ ያስቀምጣል፤ ባያስራቸው ኖሮ በሕልሙ የሚሮጥ ሁሉ ከአልጋው በወደቀ ነበር። የዓይን ጡንቻዎች ግን አይታሰሩም፤ እንዲያውም በሽፋናቸው ሥር ይቅበዘበዛሉ። ተመራማሪዎቹ አሰሪንስኪና ክላይትማን ይህን የእንቅልፍ ክፍል በ1953 ለሳይንስ ያስተዋወቁት በዚሁ የዓይን መቅበዝበዝ ነበር። በሚያዝያ 1975 በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ ኪት ሐርን የተባለው ተመራማሪ አለን ዎርስሊ ከተባለ ንቁ ሕልም የለመደ ሰው ጋር ተስማማ፤ ዎርስሊ ማለሙን ባወቀ ጊዜ ዓይኑን ሆን ብሎ ግራና ቀኝ እንዲያመላልስ። ጠዋት ላይ የመሣሪያው ብዕር በወረቀቱ ላይ ከተለመደው የዓይን መቅበዝበዝ የተለየ፣ ወጥና እኩል የሆነ ሞገድ ሣለ፤ የአንጎሉ መስመር ደግሞ ሰውየው በደንብ መተኛቱን ያሳይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በስታንፎርድ ስቲቨን ላበርዥ ለብቻው ተመሳሳዩን አሳየ። በ2021 የታተመው ጥናት ከዚህም አልፎ ሄደ፤ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ተኝተው ለሚያልሙ ሰዎች ጥያቄ ጠየቁ። ከስምንት ላይ ስድስት ሲቀነስ ስንት ይቀራል የተባለ አንድ ወጣት ሳይነቃ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ መለሰ። ከ158 ሙከራዎች ትክክለኛ መልስ የተገኘው በ18 በመቶው ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ጭራሽ ምላሽ አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ለእኔ የሚያሳምን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም፤ በየሌሊቱ ይሳካል የሚል ሰው ነው መጠርጠር ያለበት።

እንግዲህ ጀማሪ ይህን እንዴት ይማራል? ላበርዥ በ1980 ያሳተመው ዘዴ እስከ ዛሬ የትምህርቱ ምሰሶ ነው፤ የሚያርፈውም «በኋላ አደርገዋለሁ» ብለን ለራሳችን በምንሰጠው አደራ ላይ ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ «ስመለስ ጨው እገዛለሁ» ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ጨው ጨው ሲል አይውልም፣ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ግን ትዝ ይለዋል። ሱቁ አስታዋሽ ሆነለት ማለት ነው። በሕልም ውስጥም እንደ ሱቁ የሚያገለግል ነገር መፈለግ አለበት፣ እሱ ደግሞ የሚገኘው በደብተር ነው። ጠዋት ሲነቁ ሳይገላበጡና ስልክ ሳያነሡ፣ ዓይን እንደተጨፈነ፣ መጨረሻ የታየውን ምስል ይዞ ክሩን ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያ መጻፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደጋገም ነገር ብቅ ይላል። ከአገሩ ርቆ ጁባ ለሚነግድ ሐበሻ ምናልባት የጎንደሩ ግቢ በር ሲከፈት ነጭ ዓባይ ዳር ያወጣዋል፤ ወይም የኒሙሌ ኬላ ላይ ፓስፖርቱን ሲፈልግ ኪሱ ውስጥ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ያገኛል፤ ወይም ሟች አጎቱ የውኃ ቦቴ ሲነዳ ያየዋል። የሕልም ምልክት የሚባለው ይህ ነው። ዘዴው እንግዲህ ከሌሊቱ ሕልም ሲነቁ ያንኑ ሕልም መልሶ ማስታወስ፣ ምልክቱ ጋ ሲደርሱ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ሲሉ ራስን በዓይነ ሕሊና ማየት፣ ከዚያም «ቀጥሎ ሳልም ማለሜን አስታውሳለሁ» እያሉ በዚሁ አሳብ መተኛት ነው። የሚረዳው ቃላቱን ደጋግሞ ማነብነቡ አይደለም፤ ቃሉ እንደ አደራ መያዙ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን በብዛት የሚመከረው የቀን ፍተሻ ነው፤ አፍን ገጥሞ አፍንጫን በጣት ቆንጥጦ ለመተንፈስ መሞከር፣ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ አንብቦ ዞር ብሎ እንደገና ማንበብ። በሕልም አፍንጫ ቢያዝም ትንፋሽ አይቋረጥም፣ ጽሑፉም በሁለተኛው ንባብ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ነገር ግን በአውስትራሊያ ዴንሆልም አስፒ በ2017 ባሳተመው፣ 169 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ፍተሻው ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አላመጣም። ከአምስት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ነቅተው የላበርዥን ዘዴ የጨመሩበት ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሞከሩባቸው ሌሊቶች በ17 በመቶው ተሳካላቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፦ ዘዴውን ጨርሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች ስኬት ወደ 46 በመቶ ደረሰ። አሳቡ ሳይቀዘቅዝ እንቅልፍ ሲደርስበት አደራው አይረሳም ማለት ነው። አፍንጫ መቆንጠጥ ሳይታሰብበት የሚደረግ የጣት ሥራ ከሆነ ሕልሙም ውስጥ የጣት ሥራ ሆኖ ያልፋል።

ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፣ ተገቢም ነው። በሌሊት ደወል ሞልቶ መነሣት ማለት ያለችውን እንቅልፍ መቁረጥ ነው። ሰባትና ስምንት ሰዓት ተደላድሎ ለሚተኛ ተማሪ ሃያ ደቂቃ መንቃት ምንም ላይሆን ይችላል፤ በሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲገላበጥ አምሽቶ ጎህ ሳይቀድ ሸቀጥ ለማውረድ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ መድረስ ላለበት ሰው ግን ዕዳ ነው። ሙቀቱ ራሱ የሕልሙን ክፍል ያሳጥራል፤ በዚያ የእንቅልፍ ክፍል ሰውነት ሙቀቱን የመቆጣጠር አቅሙን በእጅጉ ስለሚለቅ አካባቢው ሲግል አንጎል ቶሎ ይነቃል። ለዚህ ሰው ምክሩ መገልበጥ አለበት፦ ደወል አይሙላ። የሕልም ክፍል በየዘጠና ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል፣ ወደ ንጋት ያለው ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። በጁባ ሌሊቱ በረድ የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ጄኔሬተሩ፣ ውሻው ወይም አዛኑ ሳይጠራ የቀሰቀሰውን ሰው ዳግመኛ ከመተኛቱ በፊት ያለችው ጥቂት ደቂቃ ትበቃዋለች፤ ተነሥቶ መብራት ማብራትም ስልክ ማየትም አያስፈልገውም። ቀን እየደከመው ከዋለ ግን ነገሩን ይተወው። ከሕልም እንቅልፍ ይቀድማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። በ2007 መጨረሻ ጁባ ውስጥ 1,242 አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ፣ በትክክል 36 በመቶው፣ ጦርነት በአእምሮ ላይ የሚተወው ጠባሳ ምልክቶች እንዳሉበት፣ ግማሹ ደግሞ የድብርት ምልክቶች እንዳሉበት አሳይቷል። ይህ የታኅሣሥ 2013 እና የሐምሌ 2016 ውጊያ ከተማዋን ሳያምሳት በፊት ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ዘገባ መሠረት በመላው ደቡብ ሱዳን የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው ክፍልም አሥራ ሁለት አልጋ ነበረው። እንዲህ ያለ ጠባሳ ላለበት ሰው ሕልም መዝናኛ አይደለም፣ «ሕልምህን ተቆጣጠር» ማለትም ፌዝ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቅዠትን በሚመለከት ያለው ማስረጃ ክርክራችንን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በኔዘርላንድ ተካሂዶ በ2006 የታተመ፣ 23 ቅዠት የሚያሠቃያቸው ሰዎች የተሳተፉበት አነስተኛ ጥናት የንቁ ሕልም ሥልጠና ቅዠታቸውን እንደቀነሰላቸው አገኘ፤ ቅዠቱ እንዲቀንስ ግን በሕልሙ ውስጥ መንቃት የግድ አልነበረም። ጠቃሚው ነገር ቀን ላይ ቅዠቱን አንሥቶ ሌላ መጨረሻ መስጠቱና እሱን መለማመዱ ሳይሆን አይቀርም፤ የአእምሮ ሐኪሞችም ንቁ ሕልም የሚባል ነገር ሳያነሡ ይህንኑ የቀን ልምምድ ለቅዠት ሕክምና ይጠቀሙበታል። በእውንና በሕልም መካከል ያለው ድንበር የሚምታታበት፣ ድምፅ የሚሰማ ወይም ሌላ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ትምህርት ብቻውን ባይጀምረው ይሻላል። ለወባ መከላከያ ሜፍሎኪን የሚወስድ ሰውም ቅዠት ቢበዛበት መጀመሪያ መድኃኒቱን ለሐኪሙ ያንሣ።

ሕልም የእግዜር ነው፣ ሰው እጁን አያስገባበትም የሚለውም አለ። ዮሴፍና ዳንኤል ሕልም ፈቱ እንጂ አልመሩም ይባል ይሆናል። በምዕራብ ኢኳቶሪያ ያሉት ዛንዴዎች ደግሞ፣ አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ክፉ ሕልምን የሚመጣ ነገር ምልክት ብቻ አድርገው አያዩትም፤ ጠንቋዩ ያን ጊዜውኑ የሚያደርሰው ጥቃት ነው። ለእነዚህ ሁሉ ያለኝ መልስ አጭር ነው፦ ማለሙን ማወቅ የሕልሙን ትርጉም አይነካም፤ ጌናድዮስም ማለሙን ያወቀው ስለ ነፍስ ሊማርበት እንጂ ሊጫወትበት አልነበረም። ማንም ሰው መምራቱን ትቶ ማወቁን ብቻ ሊይዝ ይችላል። ዱካክ ግን የተለየ ነገር ነው። አእምሮ ነቅቶ ጡንቻው ገና ሳይፈታ ሲቀር ሰው ደረቱ ላይ የሆነ ነገር እንደተቀመጠበት፣ መጮኽ እንዳቃተው ይሰማዋል፤ ጫት የለመዱ ሰዎች ባቆሙ ሰሞን በዚህ ሲማረሩ ይሰማል። ከንቁ ሕልም ዘዴዎች አንዳንዶቹ ሆን ተብለው በዚህ በር የሚያስገቡ ናቸው፤ ለጀማሪ አይሆኑም። ያለፍላጎት ለመጣበት ሰው የሚጠቅመው ከደቂቃዎች በላይ እንደማይቆይ ማወቁና ትንፋሹን ቀስ አድርጎ አንድ ጣቱን ለማንቀሳቀስ መሞከሩ ነው። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርምና።

የመጀመሪያዋ ንቁ ሕልም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ታልቃለች። ሰውየው «ሕልም ነው!» ሲል በደስታ ልቡ ይመታል፣ ይነቃል። ላበርዥና ሌሎችም ያኔ እጅን ከእጅ ማሸት፣ መሬቱን ወይም ግድግዳውን መንካት፣ አንድ ነገር ላይ አለማፍጠጥ ይመክራሉ፤ ስሜት በሕልሙ ነገር ሲያዝ ሕልሙ ትንሽ ይቆያል። ስንት ጊዜ ይሳካል ለሚል፣ ዛሬ በየአገሩ የሚጠራበትን ስም በ1913 ለንቁ ሕልም የሰጠው የኔዘርላንዱ ሐኪምና ደራሲ ፍሬድሪክ ፋን ኤደን መዝገብ አለ። ከጥር 1898 እስከ ታኅሣሥ 1912 ድረስ ደብተሩን ሳያቋርጥ የያዘ ሰው ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመት የቆጠረው 352 ንቁ ሕልም ነው፣ በወር ሁለት ያህል።