ሁለተኛ የአየር ማቀዝቀዣ በአንድ ካራቫን ላይ
(በአረርቲ የታየ የኤሌክትሪክ ጥያቄ)

ለግብርና ተማሪዎች አረርቲ የአንድ የሽምብራ ዝርያ ስም ነው። ለእኛ ለአገሩ ልጆች ግን አረርቲ የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ቁልቁል ወደ መተሐራ የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር በታች ይገኛልና ቆላነቱ ወዲያው ይታወቀዋል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በከተማው ዳር የመንገድ ሠራተኞች የሚያድሩበት፣ በጎማ የሚጎተት አንድ ካራቫን ቆሞ ነበር። በውስጡ የሚተኙት ሌሊት የሚሠሩ የዶዘርና የገልባጭ መኪና ነጂዎች ስለሆኑ እንቅልፋቸው በቀን፣ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ነው። አንዱ ማቀዝቀዣ አልበቃቸውም። ቀን ያልተኛ ሰው ሌሊት በገደል አፋፍ ላይ ዶዘር ሲነዳ ምን ሊደርስ እንደሚችል አንባቢ ይገምተው። ስለዚህ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ይጨመር ተባለ፤ ጥያቄውም ኀይሉ ከየት ይምጣ የሚል ሆነ።

በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት የሚያወጣ ማቀዝቀዣ 1,200 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይኸውም ወደ 5.5 አምፔር ነው (ሒሳቡ እንዲቀል የፓወር ፋክተርን ነገር ትቼዋለሁ)። ካራቫኑ ከቆጣሪው የተገናኘው 60 ሜትር በሚሆን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድና በ16 አምፔር ብሬከር ነበር። 16 በ220 ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል። ሁለቱ ማቀዝቀዣዎች በድምሩ 2,400 ዋት ስለሚወስዱ ይበቃል ያሰኛል። ነገር ግን ወጥ የሚሠራበት ባለ 1,500 ዋት ምድጃም በዚያው መስመር ላይ ነበረ፤ ሦስቱ ሲደመሩ 3,900 ይሆናሉ። እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከማቀዝቀዣው ብቻ ሳይሆን ምሳ በሚሠራበትና ሰው በሚተኛበት ሰዓት አንድ መሆን ነው። በምድጃው ፈንታ የእንጀራ ምጣድ ቢሆን ኖሮ ምጣዱ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ስለሚፈልግ ክርክርም ባላስፈለገ ነበር።

ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ አንድ ሰው አውጥቶ በ32 አምፔር ተካው። ይህ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ ሳይለወጥ ጠባቂው ብቻ ቢሰፋ እሳቱን የሚከለክል አይኖርም። የተረፈውም ገመድ እንደ ጥቅል ተጠምጥሞ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበርና፣ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ላስቲኩ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ሽታውን ቀድማ ያወቀችው ወጥ ሠሪዋ ናት። ውስጥ ስድስት ሰው ተኝቶ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የሞተሩ አነሣስ ነው። የተለመደው ኮምፕረሰር ሲነሣ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ከመደበኛው አራት እስከ ስድስት እጥፍ ኮረንት ይስባል፤ በአምስት እጥፍ ብናሰላው 27 አምፔር ያህል ነው። ለዚህች አጭር ጊዜ ብሬከሩ ይታገሣል፤ ቮልቱ ግን ይወርዳል። የ60 ሜትሩ ገመድ ሬዚስታንስ፣ ሄዶ መመለሱ ሲቈጠር፣ 0.84 ኦም ነው። አንደኛው እየሠራ ሁለተኛው ሲነሣ 33 አምፔር ያህል ስለሚያልፍ በገመዱ ላይ ብቻ ወደ 27 ቮልት ይጠፋል። የከተማው መስመር ራሱ 200 ላይ ካለ ለሞተሩ የሚደርሰው 173 ብቻ ይሆናል፤ ሞተሩም ሳይነሣ እያጓራ ይግላል። ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቢዘረጋ ሬዚስታንሱ ወደ 0.35 ኦም ይቀንሳል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ማቀዝቀዣ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነሣ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ጄኔሬተርም ታስቦ ነበር። አየር በደጋ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኀይሉ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 3 ኪሎ ዋት ተብሎ የተሸጠ ጄኔሬተር አረርቲ ላይ 2.4 ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ሁለቱን ለማዞር እንጂ ሁለተኛውን ለማስነሣት ትርፍ የለውም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈራው ጭሱ ነው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተኛ ሰው መስኮት ሥር ሊተው አይገባም። ባትሪውን በአጭሩ ልለፈው፤ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ግማሹ ቢሠራበት አንዱን ማቀዝቀዣ አንድ ሰዓት ብቻ ያቆያል።

ከአሜሪካ የመጣ ካራቫን ለገጠመው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ አገር 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነውና ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ 50ውን ሄርዝ 60 አያደርገውም። ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፤ ቮልቱ ወደ 100 ካልተቀነሰለትም ይግላል።

በመጨረሻ የተደረገው ይህ ነው። ቆጣሪው መቻሉ ከተረጋገጠ በኋላ ለአዲሱ ማቀዝቀዣ ብቻ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከነመሬት ሽቦው፣ ከራሱም ብሬከር ጋር ተዘረጋ። የቀለጠው ገመድ ተቀየረ፤ የ16 አምፔሩ ብሬከርም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አሮጌው ማቀዝቀዣና ምድጃው አንድ ላይ 12.3 አምፔር ያህል ስለሚወስዱ በእርሱ ላይ ቀሩ። በጣራውም ላይ ከቆርቆሮው ከፍ ያለ የሸራ ዳስ ተወጠረ። በእኔ አስተያየት ይህ ዳስ አስቀድሞ ተሠርቶ ቢሆን ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ባላስፈለገም ይሆናል፤ ነጂዎቹ ግን በዚህ አልተስማሙም።