ገበያው ቀን አለው፦ ከንፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ

ባርሴሎና የሄደ መንገደኛ ላ ቦኬሪያ የተባለውን የምግብ ገበያ ሳያይ አይመለስም። ጎብኚው ከመብዛቱ የተነሣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ትልልቅ የቱሪስት ቡድኖች አርብና ቅዳሜ ገበያው በሚደራበት ሰዓት እንዳይገቡ ከለከለች። የሰፈሩ ሸማች መተላለፊያ አጥቶ ነበር። በደቡብ ጎንደር የሚያልፈው መንገደኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጉናን ተራራ በመኪና መስኮት አይቶ፣ ገበያዎቹን ሳያይ ወደ ላሊበላ ይነጉዳል።

በዚሁ ዞን፣ ታች ጋይንት ወረዳ ውስጥ፣ ከተማው ራሱ በገበያ ይጠራል፦ አርብ ገበያ። በዚህ አገር ገበያ ቀን አለው። ቀኑን ስቶ የደረሰ እንግዳ ከባዶ ሜዳና ከጥቂት ጉሊት በቀር የሚያየው የለም።

በቀኑ የደረሰ ደግሞ ደጋና ቆላ ሲገናኙ ያያል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ያለችው ንፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው ብርዳም ናት፤ ዙሪያዋ የገብስ፣ የባቄላና የድንች አገር ነው። ወደ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። ደገኛው ድንቹን ሸጦ ጤፍ ይሸምታል፤ ቆለኛው ማሽላውን ሸጦ ባቄላ ይዞ ይመለሳል።

ድንቹ ራሱ እንግዳ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ዛሬ የጉና ዙሪያ ገበሬ ያለ ድንች አይታሰብም።

ጤፍ ገዥዋን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። አንድ እፍኝ ትዘግናለች፣ መዳፏ ላይ ዘርግታ እፍ ትላለች። ገለባው ሲበር የቀረውን በጣቷ እያገላበጠች አፈር አለበት እንደሆነ ታያለች። ዋጋ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጯ በጣሳ ትሰፍራለች፤ ጣሳው አናቱ ድረስ ተቆልሎ እንኳ «መርቂልኝ እንጂ» ይከተላል። ምርቃቱ ትንሽ ነው፤ ሳይመረቅላት የምትሄድ ግን የለችም። እንቁላል ገዥ ደግሞ አንድ በአንድ ለፀሐይ አንሥቶ ያያል።

ዋጋውን የሚወስነው የዘመን መቁጠሪያው ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቅቤና እንቁላል ፈላጊ ያጣሉ፤ ፋሲካ ሲቃረብ ዶሮ ይወደዳል። እህል ከመኸር በኋላ ረከስ ይላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ይሰቀላል። ከእነዚህ ወረዳዎች ብዙዎቹ በሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በሚሰጠው ድጋፍ፣ ታቅፈዋል፤ በክረምት አንዲት ጣሳ ማሽላ ላይ ረጅም ክርክር የሚያይ እንግዳ ይህን ቢያውቅ አይስቅም።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የመንገዱን ሰላምና የገበያውን ቀን አስቀድማችሁ ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። ረፋድ ላይ ድረሱ፤ የሩቁ ሰው የሚገባው ያኔ ነው። ፎቶ ከማንሳት በፊት አስፈቅዱ፣ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ባዶ እጃችሁንም አትመለሱ።