የ1953ቱ ሙከራ ከቀብሪበያ በኩል ሲታይ

የ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራና የተማሪው ድጋፍ በተነሣ ቁጥር ነገሩ ሁሉ በአዲስ አበባ ተጀምሮ በአዲስ አበባ ያለቀ ይመስላል። እኛ ግን መነሻውን በከፊል በጅጅጋ አውራጃ፣ በቀብሪበያ ዙሪያ ባለው ደረቅ አገር እንፈልገዋለን።

የሙከራው ጠንሳሽ አቶ ገርማሜ ንዋይ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ሲመለሱ የወላይታ ገዥ ሆኑ። በዚያም መሬት ለሌለው ጠፍ መሬት ማደል ቢጀምሩ ባለርስቶች አቤት አሉባቸው፤ ወደ ጅጅጋም ተዛወሩ። በጅጅጋ ያገኙት ችግር ሌላ ነበር። በግመልና በከብት የሚኖረው ሱማሌ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ውኃ ነው። (የይስሐቅ እረኞች በጉድጓድ የተጣሉበትን ታሪክ በኦሪት ያነበበ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።) ለጉድጓድ፣ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ቢደክሙም ከማዕከላዊው መንግሥት የጠበቁትን እርዳታ አላገኙም። በእኛ አስተያየት ወደ ጠመንጃ የገፋቸው ከመጽሐፍ ይልቅ ይህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ሳሉ ታኅሣሥ 4 ቀን ሙከራው በክብር ዘበኛ ተጀመረ፤ አዋጁም በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ ተነገረ። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ያለ ደም የሚፈጸም መስሏቸው ነበር። በዚያው ቀን ውጊያ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ሙከራው ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ሚኒስትሮችና መኳንንት በጥይት ተደበደቡ። ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞቱ፤ ወንድማቸው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 21 ቀን ተሰቀሉ። ያ ግቢ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነና፣ ተስፋው የተሰበረው ተማሪ ደብተሩን ይዞ እዚያው ገባ።

የተሰበረው ተስፋ የትኛው ነው? ለውጥ ከላይ በአዋጅ ይወርዳል የሚለው ይመስለናል። ተማሪው የተሰለፈለትን ሕዝብ አያውቀውም ነበር፤ ሕዝቡም እርሱን አላወቀውም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች የሚልከው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሥራውን ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት «መሬት ላራሹ» የሚለው ሰልፍ ወጣ። ነገር ግን መፈክሩ ለአራሹ እንጂ ለአርብቶ አደሩ ስም አልነበረውም። የገርማሜ ወላይታ በመፈክሩ ውስጥ ገብታለች፤ ጅጅጋቸው ግን ቀርታለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በዘላኖች አገር ጉድጓድ መቆፈርን የመንግሥት ኃላፊነት አደረገ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጅጅጋ የጦር ሜዳ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. የስደተኞች መጠለያ የተቋቋመባት ቀብሪበያም፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከጀረር ሸለቆ ቧንቧ እስኪዘረጋላት ድረስ፣ ውኃዋን በቦቴ መኪና ስትጠብቅ ኖራለች።