ሰው ስለ ምን ይሸፍታል?

(በራዲዮ ከተነገረ)

ሰው እርሻውንና ልጆቹን ትቶ፥ ጠመንጃ አንሥቶ ዱር የሚገባው ስለ ምንድን ነው? መልሱን በመቀሌ አጠገብ ያለችው ቁሓ ታስተምረናለች።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ቀዳማይ ወያነ፥ በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ መሪነት በመስከረም 1936 ዓ.ም. የቁሓን የጦር ሰፈር ያዘ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ገበሬው ግብር ሰብሳቢው ከተወሰነው በላይ ስላስከፈለው ተማረረ፤ የራያና የአዘቦ ሕዝብ በገዛ ልማዱ መተዳደሩ እንዳይቀርበት ሠጋ፤ አንዳንድ መኳንንት ሥልጣናቸው ስለ ተቀነሰ አኮረፉ፤ ከኢጣልያ ጦር የተረፈውም መሣሪያ በሕዝቡ እጅ ነበረ። ብሶት ብቻውን ጦር አይሆንም፤ መሪና መሣሪያ ሲያገኝ ግን ይሆናል።

ዐመፁን የመንግሥት ጦርና ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሰበሩት፤ በመቀሌ ላይ የወደቀው ቦምብም ሰላማዊውን ሕዝብ ጭምር ገደለ። ቂሙ ግን አልሞተም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በደደቢት የትጥቅ ትግል የጀመሩት ወጣቶች ንቅናቄያቸውን «ካልኣይ ወያነ» አሉት።

እንግዲህ ከጠረጴዛ ፊት ለምንቀመጥ ሠራተኞች ትምህርቱ ይህ ነው፤ ባለጉዳይን ያለ ፍትሕ የሚመልስ ሹም ለዐመፅ መሪዎች ወታደር መለመለላቸው ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ አቤቱታን በጊዜው መስማት ኋላ ጦር ከመላክ ይቀላል።