ጊች ላይ አንድ ድንጋይ ብንገለብጥ

ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበርን አልፎ ጊች የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በገደሉና በጭላዳው ላይ ነው። እኛ ግን አንባቢያችን ጐንበስ ብሎ ከጅንባር ወንዝ አንድ ድንጋይ እንዲገለብጥ (ኋላም እንደ ነበረ እንዲመልሰው) እንጠይቃለን። ከሥሩ ከሚገኙት ጥቃቅን እጮች መካከል ሳይንስ ኤፌሜሮፕቴራ የሚላቸው ይገኛሉ፤ ስሙ በግሪክ «ለአንድ ቀን የሚኖሩ ባለ ክንፎች» እንደ ማለት ነው።

የትራውት ዓሣ አጥማጆች እነዚህን ነፍሳት መለየትን ሙያ አድርገውታል። ከላባና ከክር የሚሠሩት ማታለያ ዓሣው በዚያ ሰዓት ከሚበላው ጋር ካልተመሳሰለ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉና። በአገራችን ትራውት ከውጭ ገብቶ በባሌ ተራሮች፣ በወብና በዳንካ ወንዞች ይኖራል። ወደ ጅንባርም ይግባ የሚል ቢመጣ ግን እኛ አንደግፍም።

መለያው ምንድን ነው? የተለመደው ምክር ሦስት ጭራ መቁጠር ነው። በዚህ ተማምነን ከተማሪዎቻችን ጋር ስንቆጥር ሁለት ብቻ አገኘን፤ ለካ ሦስተኛው በጣታችን ተሰብሮ ኖሯል! በተፈጥሯቸው ሁለት ጭራ ያላቸው ዝርያዎችም አሉ። ስለዚህ ስንጥቡ ይታይ፦ በሆዱ ግራና ቀኝ በተርታ የተሰለፉ ስንጥቦች ካሉትና እያንዳንዱ እግር በአንድ ጥፍር ካበቃ ነገሩ ተለየ። የባኢቲዴ ቤተሰብ እጭ ቀጭን ነው፤ እንደ ዓሣ ግልገል ይወረወራል። የኬኒዴ ቤተሰብ ደለል ይችላል፤ ሁለተኛው ጥንድ ስንጥቡ እንደ ክዳን ሆኖ ሌሎቹን ከጭቃ ይከልላል። የጊች ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ የጅረቱ ደለል መቀነስ አለመቀነሱን ማወቅ የሚሻ ተማሪ የሁለቱን ቁጥር ከዓመት ዓመት ቢያነጻጽር መልካም ጅምር ይሆነዋል።

የስንጥቡ ነገር ወደ ፊዚክስ ይመልሰናል። በ3,600 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን አይሞላም። 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በጊች የሚይዘው 7 ገደማ ብቻ ነው። ጉድለቱን የሚያካክሰው የጅረቱ ፍጥነት ነው።

እጩ አድጎ ሲወጣ መጀመሪያ ደብዛዛ ክንፍ ያወጣል፤ ከዚያ እንደገና ቆዳውን ለውጦ ክንፉ ይጠራል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ቆዳውን የሚለውጥ ሌላ የነፍሳት ወገን ዛሬ የለም። አይበላም፤ ተዳቅሎ፣ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። ሴቷ ውኃን የምትለየው ከገጹ በሚንጸባረቀው አግድም ፖላራይዝድ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ደረቅ አስፋልትም ይህንኑ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ነፍሳቱ ውኃ መስሏቸው እንቁላላቸውን መንገድ ላይ ይጥላሉ። በተራራ ጅረት ዳር ጥቁርና ለስላሳ ነገር ከመዘርጋት በፊት ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ለማመን የሚቸገር አንባቢ ከአሮጌ ካልኩሌተር ገጽ ላይ ፖላራይዝ የሚያደርገውን ስስ ፕላስቲክ ልጦ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ ውስጥ ራቅ ያለውን አስፋልት እያሽከረከረ ይመልከት፤ ነጸብራቁ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ያያል።