ከአጨዳ በኋላ የሚጎነበሱ ሦስት ሴቶች

አዝመራው ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ከተጓጓዘ በኋላም በማሳው ላይ የሚቀር ነገር አለ። ከማጭድ ያመለጠ፣ ነዶ ሲታሰር የተንጠባጠበ፣ ከሸክም ላይ የወደቀ ዛላ ነው። ይህን እየለቀሙ መሰብሰብ በገበሬው ዘንድ ቃርሚያ ይባላል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 እና በ1856 መካከል በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ያተመው «ቃራሚዎቹ» የተሰኘ ሥዕል የሚያሳየው ይህንኑ ሥራ ነው።

ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በፊት ለፊቱ ሦስት ሴቶች ይታያሉ። ሁለቱ ከወገባቸው አጎንብሰው እጃቸውን ወደ መሬት ዘርግተዋል። ሦስተኛዋ ግማሽ ቀና ብላለች። ወገቧን ለማሳረፍ ይሁን እንደገና ለመጎንበስ መለየት ያስቸግራል። ቀኑን ሙሉ አረም ሲነቅል የዋለ ሰው ግን ያንን አቋም ያውቀዋል።

የአሠራሩም ዘዴ የእጅ ጥበብን የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ የመዳቡ ሰሌዳ አሲድ በማያልፈው የሰምና የሙጫ ቅብ ይሸፈናል። ሠዓሊው በመርፌ እየጫረ ሥዕሉን ያወጣል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን መስመር ብቻ እየበላ ያጎደጉደዋል። ከዚያ ቅቡ ይነሣና ቀለም ይታሻል፤ ላዩ ሲጠረግ ውሃ በፈር ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ ቀለሙም በመስመሮቹ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻም እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በመጭመቂያ ይታተማል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ማውጣት ይቻላል።

ሚዬ የገጠሩን ሥራ በወሬ ያወቀ ሰው አልነበረም። በ1814 በኖርማንዲ ጠቅላይ ግዛት ግሩሺ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ በወጣትነቱ እርሻ ሠርቷል። ከ1849 ጀምሮም ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በባርቢዞን መንደር ኖሯል።

በዚያን ዘመን በፈረንሳይ ቃርሚያ የድሆች ልማዳዊ መብት ነበር። ይሁን እንጂ ገደብ ነበረው። በ1810 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እህሉ ተጠቃሎ ካልተነሣ ማሳ፣ እንዲሁም ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ የሚቃርመውን ሰው በገንዘብ ይቀጣ ነበር።

ሚዬ ይህንኑ ርእስ በቀለም ሠርቶ በ1857 በፓሪስ ለሕዝብ አሳየ። ከሴቶቹ በስተ ኋላ ራቅ ብሎ ትልልቅ የእህል ክምር፣ የተጫነ ጋሪና በፈረስ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ይታያሉ። የ1848ቱ አብዮት ገና ከሕሊና ስላልጠፋ አንዳንድ ተቺዎች በሦስቱ ድሆች ውስጥ የአመፅ ዛቻ አዩ። ሴቶቹ ግን የያዙት አንዳንድ ጭብጥ ዛላ ብቻ ነበር።

የግብርና ሠራተኛ ይህን ሥዕል ሲመለከት በመጀመሪያ የሚታየው ብክነቱ ነው። እህል ከመጠን በላይ ደርቆ ሲታጨድ ዛላው ይሰበራል፣ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በወቅቱ እጨዱ፣ ነዶውን በጥንቃቄ አጓጉዙ ብሎ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው። ከጎተራ የጎደለው የባለማሳው ድካም ነውና።

ሆኖም ሥዕሉ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። አንድም ዛላ ባይወድቅ ኖሮ እነዚህ ሦስት ሴቶች ምን ይዘው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር? ለአንዱ ብክነት የሆነው ለሌላው የክረምት እንጀራ ነበር። እንግዲህ ብክነትን ለመቀነስ የሚነሣ ሁሉ ማሳው ላይ የወደቀውን እህል ሲቆጥር፣ ለመልቀም የሚጎነበሰውንም ሰው አብሮ ሊቆጥር ይገባዋል።